እትዬ ዓለሚቱ እና ጉዳይ የሌላቸው ሥዕሎች

ሰው ሁሉ ሲወለድ እኩል ጥያቄ ተሰፍሮለት ይወለዳል ብዬ አምናለሁ። አብዛኞቻችን ድርሻችንን ሰባት ዓመት ሳይሞላን እንጨርስና ቀሪውን ዕድሜ በእርጋታ እንኖራለን። በየሰፈሩ ግን አንድ ያልጨረሰ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ድንኳኑ ለምን አረንጓዴ እንደሆነ ይጠይቃል። ሰርግ ተጠርቶ የሙሽራው መኪና ላይ የታሰረው አበባ የምን አበባ እንደሆነ ካላወቀ ምግብ አይወርድለትም። እናንተም ሰፈር አለ። የለም የምትሉ ከሆነ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛ ሰፈር ጠያቂ ክብርት ወይዘሮ ዓለሚቱ ናቸው፤ የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የአሁን ጡረተኛ፣ ያልተሾሙ የደብረ ታቦር ከተማ ዋና መርማሪ። ሠላሳ አንድ ዓመት ገቢና ወጪ ደብዳቤ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ደብዳቤ ደግሞ፣ ቢሮ የረገጠ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከላይ ቁጥርና ቀን ይኖረውና ዝቅ ብሎ «ጉዳዩ» የሚል መስመር አለው። ጉዳዩ ያልተጻፈበት ደብዳቤ እትዬ ዓለሚቱ ጠረጴዛ ላይ አርፎ አያውቅም። የፈረመበት ሰው የፈለገውን ያህል ትልቅ ይሁን፣ ደብዳቤው ወደ መጣበት ይመለሳል። ጡረታ ሲወጡ ማኅተሙን አስረከቡ፣ የመደርደሪያውን ቁልፍ አስረከቡ፤ ይህን ልማድ ግን የሚረከባቸው አላገኙም።

ስለዚህ ይዘውት ወጡ። አሁን ዓለም በሙሉ ለእሳቸው ገቢ ደብዳቤ ነው። ባጃጅ ሲሳፈሩ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ንስር ያዩና ሾፌሩን «የዚህ ጉዳዩ ምንድን ነው?» ይሉታል። ሾፌሩ ስገዛው ተለጥፎ ነው ያገኘሁት ይላል። ታዲያ ለምን አላነሣኸውም ይሉታል። አንድ ሾፌር በዚህ ጥያቄ ተይዞ መውረጃቸውን አሳልፎ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ ወስዷቸዋል። ጤና ጣቢያ ሄደው ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ የሆነ ክኒን ቢታዘዝላቸው፣ ለምን አንድ ቀለም እንዳልበቃው ጠየቁ። ሐኪሙ ወጣት ነበርና አስቦበት እንደማያውቅ በሐቀኝነት ነገራቸው። እሳቸውም በሐቀኝነቱ ደስ ብሏቸው ክኒኑን ዋጡ።

ልብ በሉልኝ፣ እትዬ ዓለሚቱ ሁሉን አውቃለሁ ባይ አይደሉም። ሁሉን አውቃለሁ ባይ በስንት ጣዕሙ፤ እሱ ይናገርና መንገዱን ይቀጥላል። እሳቸው ግን ከጠየቁ በኋላ መልሱን ቆመው ይጠብቃሉ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ያስተካክላሉ፣ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ፣ ራሳቸውን ትንሽ ዘመም ያደርጋሉ፣ ይጠብቃሉ። እኔ ራሴ ከሩቅ አይቻቸው መንገድ የቀየርኩበት ቀን ብዙ ነው። መሰወሬ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

እንግዲህ እኚህ ሴት በሚኖሩበት ከተማ ነው ሙና አደም ጉዳይ የሌለው ሥዕል ይዛ የመጣችው።

የሙና አባት አደም የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ገበያው አጠገብ የመስታወትና የፍሬም ሱቅ አለው። የደብረ ታቦር ሙሽራ ሁሉ ራሷን ያየችው በእሱ መስታወት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሙና ባሕር ዳር ተምራ ስትመለስ ከዲግሪዋ ይበልጥ አጥብቃ ይዛ የመጣችው አንድ ካርቶን አክሪሊክ ቀለም ነበር። ስልኳ ላይ የአውሮፓ ሥዕሎች ሞልታለች፤ ብዙዎቹ መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ኔትወርክ የመጣ ዕለት ነው አፍሳ የምታወርዳቸው፣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅማ። ሥዕሎቹ ሰው የለባቸውም፣ ዛፍ የለባቸውም፣ ከብት የለባቸውም። ክብ አለ፣ አራት ማዕዘን አለ፣ የተጋደመ መስመር አለ፣ በቃ። የሳሏቸው ሰዎች በዘመናቸው ጉድ የተባለላቸው ናቸው አለችኝ። ስማቸውንም ነግራኝ ነበር፤ ስጽፈው እንዳልሳሳት ትቼዋለሁ። እሷ እነዚህን እያየች ሸራ ላይ በአክሪሊክ ትገለብጣቸዋለች፣ አባቷ ፍሬም ያስገባቸዋል፣ ለሳሎን ይሸጣሉ።

አደም ሥራው ገብቶት አይደለም የፈቀደው። አንድ ነገር ደስ አሰኝቶታል፤ ነፍስ ያለው ነገር የለበትም። የሰው መልክ ግድግዳው ላይ መስቀል የማይወድ ሙስሊም ጎረቤቱ ሁሉ ሊገዛው ይችላል፣ ክርስቲያኑንም የሚከለክለው የለም። በጥር ወር የሱቁን የቀኝ ግድግዳ እስከ ዓረፋ ሰጣት። ስምምነታቸው ግልጽ ነበር። እስከ ዓረፋ ሥዕሉ ከተለመደ ግድግዳው የእሷ ይሆናል። ካልተለመደ መስታወቶቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ ሙናም ባሕር ዳር አጎቷ ዘንድ ሄዳ የጫማ ሱቅ ትጠብቃለች። ሙና ግድግዳውን ነጭ ቀባችው። ቀለሙ ደርቆ አንድም ሥዕል ሳትሰቅል ሦስት ቀን ሙሉ ስታየው ነበር አለኝ አባቷ።

ሥዕሎቹ መሸጥ ጀመሩ። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ጂፕሰሙ አልቆ ሶፋው ከገባ በኋላ ግድግዳው ራቁቱን የቀረ ይመስለዋል። የገዢው ሁሉ አመጣጥ አንድ ነው። የሶፋ ትራስ በፌስታል ይዞ ይመጣል። ትራሱን ወደ ሥዕሉ ያስጠጋል፣ ዓይኑን ያጠባል፣ «ይሄድለታል» ይላል። ከዚያ በክንዱ ይለካል፣ ያልቃል። እኔና ሚስቴ ገነትም የገዛነው እንዲሁ ነው። ትንሽ ዘመም ያለ ቀይ አራት ማዕዘን ነው፤ ከመጋረጃችን ጋር ይሄዳል።

ከሰቀልነው ከሁለት ወር በኋላ ጉንፋን ጥሎኝ እትዬ ዓለሚቱ ሊጠይቁኝ መጡ። እንዴት ነህ አሉኝና መልሱን ሳይጠብቁ፣ ይህ መቼም ብርቅ ነው፣ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ቀረ።

«የዚህ ጉዳዩ ምንድን ነው?»

ቀይ አራት ማዕዘን ነው አልኳቸው። እሱን እኔም አየሁት፣ የጠየቅሁህ ጉዳዩን ነው አሉ። ገነት ከመጋረጃው ጋር እንዲሄድ ብለን ነው ብላ ልትገላግለኝ ሞከረች። እትዬ ዓለሚቱ ተነሥተው ቀረቡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቆዩ። ከዚያ ቀለም ወደ ላይ ይፈሳል ወይ ብለው ጠየቁን። እውነትም ከአራት ማዕዘኑ ጠርዝ አንዲት ቀይ ጠብታ ወደ ጣሪያው ፈስሳለች። ሙና ዘንድ ደወልን። ለካ ሁለት ወር ሙሉ ዘቅዝቀን ነው የሰቀልነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሃያ እንግዳ ገብቶ ወጥቷል፣ ሁሉም ያምራል ብሎናል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ዓለሚቱ የአደም ሱቅ ደንበኛ ሆኑ፤ ምንም የማይገዙ ደንበኛ። ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ይመጣሉ። ወንበር ሲቀርብላቸው ተቀምጦ አይታይም ብለው ይመልሳሉ። ከበሩ አጠገብ ካለው ሥዕል ጀምረው በየተራ ይቆማሉ፣ ጉዳዩን ይጠይቃሉ። ሙና መጀመሪያ ጉዳይ የላቸውም፣ ቀለሙና ቅርጹ ራሱ ነው ስትላቸው፣ ጉዳይ የሌለው ነገር እንዴት ፍሬም ይገባል አሉ። በማግስቱ ሙና ያነበበችውን ይዛ ጠበቀቻቸው። እሳቸውም ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ። ይቺ ጥቁር መስመር ጠርዙ ጋ ሳትደርስ ለምን ቆመች አሏት አንድ ቀን። ሙና ያን ሥዕል ሦስት ጊዜ ገልብጣለች፤ መስመሯ እንደምትቆም ልብ ብላ አታውቅም ነበር። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፣ ግን ነገሩ ከንክኗታል።

መዘዙ የመጣው በሚያዝያ ነው። ሞላ የሚባል ሰው ከጉና ተራራ ሥር ድንች እያወረደ ሲነግድ ኖሮ ከተማ ውስጥ ቤት ሠራ። ከሚስቱ ከእመቤት ጋር መጡ፣ ትራስ ይዘዋል። የመረጡት ከሁሉ ትልቁን ነው። ነጭ መደብ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ክብ፣ በውስጡ ትንሽ ወይን ጠጅ ክብ፣ ከላዩ ደግሞ ሁለት ሦስት የተጋደሙ መስመሮች አሉበት። ሞላ በዚህ ቤቱ ካማረለት ለወንድሙና አብሮት ለሚነግደው ለይርጋም እንደሚያዝ ተናገረ። አደም መጠቅለያ ወረቀት ዘረጋ። በዚህ መሐል እትዬ ዓለሚቱ ገቡ።

ጉዳዩን ጠየቁ። ሙና መልስ ስታሰላስል እሳቸው ቀድመው ለራሳቸው መለሱ፤ እንዲህ የሚያደርጉት በዓመት አንዴ ነው።

«ዓይን ነው። ብሌኑ ይኸው፣ ቅንድቡ ይኸው። ሌላኛው ዓይንስ የት አለ?»

አንባቢ እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያናችንን የግድግዳ ሥዕል ያስታውስ። ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ከሐዲው፣ ጨካኙ፣ ሰይጣኑ ራሱ በጎኑ ይሳልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። እመቤት ይህን የተማረችው እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ሳለች ነው። ሙና ግን ከዚያ ቀን በፊት ሰምታው አታውቅም። እመቤት ሥዕሉን አየች፣ ባሏን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአንድ ዓይን የሚያይ ነገር ቤቴ አይገባም አለች።

ሞላ መላ የማያጣ ሰው ነው። በዚህ በኩል ቦታ አለው፣ አንድ ዓይን ጨምሪበት አላት ሙናን። ሙና ይህ ግልባጭ ነው፣ ዋናው ላይ የሌለ ነገር ከየት አመጣለሁ አለች። ባልና ሚስቱ ትራሳቸውን ወደ ፌስታሉ መልሰው ሄዱ። የወንድሙና የይርጋም ነገር አብሮ ሄደ። ከሁሉ የባሰበት ደግሞ አደም ነው። ነፍስ ያለው የለበትም ብሎ የፈቀደው ሥዕል አሁን ዓይን አለው ተባለ። እመቤትን ያስፈራት ዓይኑ አንድ መሆኑ ነው፣ አደምን ያስጨነቀው ደግሞ ዓይን መሆኑ። በዚያው ቀን ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከመስታወቶቹ ኋላ ከተተው። ወሬው የቅዳሜን ገበያ ዞረ። ለሁለት ሳምንት ትራስ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። ዓረፋ ደግሞ እየቀረበ ነው።

አደም እኔ ዘንድ መጣ። ጎረቤታቸው ነህ፣ እትዬን በአክብሮት ከሱቄ አርቅልኝ፣ የልጄ ሥራ በጥያቄ ሊያልቅ ነው አለኝ። እኔ በሽምግልና ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፣ የድንበር ጠብ አብርጃለሁ። አንድን ሰው አትጠይቅ ለማለት ግን ተልኬ አላውቅም። ሄድኩ። ስለ ዝናቡ ተናገርኩ፣ ስለ ወገቤ ተናገርኩ፣ ዙሪያ ጥምጥም ዞርኩ። እሳቸው ጉዳዩን ንገረኝ አሉ። ነገርኳቸው።

 እኔ ጠየቅሁ እንጂ የሰው ዕቃ አላጥላላሁም አሉ። ከዚያ ልጅቱ ናት ወይ አትምጣ ያለችኝ ብለው ጠየቁ። የለም፣ አባቷ ነው አልኳቸው። እንግዲያው ይሁን አሉ። አንድም ጥያቄ ሳይጨምሩ እስከ በር ሸኙኝ። ያ ነው ያስደነገጠኝ።

ከዚያ ወዲህ በአደም ሱቅ በኩል ማለፍ ተዉ። ገበያ ሲሄዱ ከኋላ ባለው ጭቃማ መንገድ ይዞራሉ። ጃንጥላቸው ጭቃው ውስጥ እየተሰነቀረ፣ እየነቀሉት ሲሄዱ አንድ ቀን አይቻቸዋለሁ። ሰላም አልኳቸው፣ ሰላም አሉኝ። ምን እንደያዝኩ፣ ወዴት እንደምሄድ፣ ኮቴ ለምን ሁለት ዓይነት ቁልፍ እንዳለው አልጠየቁኝም። መጀመሪያ ሁለት ቀን እፎይ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን የጎደለኝ ነገር እንዳለ ገባኝ።

ሱቁ ግን ቀና አለ። ትራስ ይዘው የሚመጡት ተመለሱ፣ ሥዕል እንደገና ይጠቀለል ጀመር። አንድ ገዢ የመረጠው ሥዕል በቴሌቪዥኑና በመስኮቱ መካከል አልገባ ስላለው፣ ከቀኝ በኩል አንድ ስንዝር ይቆረጥልኝ አለ። አደም ደንበኛ አያስቀይምም፣ ቆረጠለት። ሰውዬው ቁራጯንም ለመታጠቢያ ቤት ትሆናለች ብሎ ይዟት ሄደ። ሙና ቆማ ታይ ነበር። 

ዓረፋ አሥር ቀን ሲቀረው አደም ተመልሶ እኔ ዘንድ መጣ፤ ግራ ገብቶታል። ሥራው ለመደልሽ፣ ግድግዳው ያንቺ ነው ብሎ በደስታ ሲነግራት፣ እሷ ግድግዳህን ውሰደው አባዬ፣ ባሕር ዳር እሄዳለሁ አለችው። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አንድ ቃል አልጨመረችም አለኝ። ያለችው አንድ ልጅ ናት። ባሕር ዳር ከሄደች እንደማትመለስ እሱም ያውቃል እኔም አውቃለሁ።

ሱቅ ሄድኩ። ሙና ከሸራ ላይ ፕላስተር እየላጠች ነበር። ቀጥ ያለ መስመር ለማውጣት ፕላስተር ትለጥፋለች፣ ቀለም ትቀባበታለች፣ ሲደርቅ ትልጠዋለች። ምን ሆንሽ አልኳት። ሥራዋን ሳታቆም መለሰችልኝ።

«ጋሼ፣ ሥዕል የምሸጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሶፋ ልብስ ነው የምሸጠው። እዚህ ግድግዳ ላይ ምን ብሰቅል የሚያየው የለም። ሰቅዬ አይቼዋለሁ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች። «እትዬ ዓለሚቱ አንዴ መጥተው ግድግዳውን ይዩልኝ። ከዚያ ሁሉንም እኔው አወርደዋለሁ።»

አደምን ለማሳመን ብዙ አልደከምኩም፤ ልጁን የሚያስቀርለት ከሆነ ያገሩን ጠያቂ ሁሉ ሊሰበስብ ዝግጁ ነበር። እትዬ ዓለሚቱ ዘንድ ስሄድ ግን ፈራሁ። አንዴ አባርሬ አንዴ ስጠራ ምን ይሉኛል ብዬ ነው። እሳቸው ልጅቱ ናት ወይ የጠራችኝ ብለው ብቻ ጠየቁ። እሷ ናት አልኳቸው። ነገሬን ሳልጨርስ ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ።

ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ሥዕል ነበር። እንደ ልማዳቸው ከበሩ ጀመሩ፣ በየተራ ቆሙ። ምንም አልጠየቁም። አደም መስታወት መቁረጫውን ይዞ አቀርቅሯል፣ የሚቆርጠው መስታወት ግን አልነበረም። ሙና እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ቆማለች። ዘጠነኛው ላይ ከትሪ የማትበልጥ ትንሽ ሥዕል አለች። መደቧ ግራጫና ሰማያዊ ነው፤ ነጫጭ መስመሮች ከላይ ወደ ታች ይወርዱባታል፣ ከታች በስተግራ አንዲት ቡናማ አራት ማዕዘን ተጠግታለች። እትዬ ዓለሚቱ አልፈዋት ወደ አሥረኛው ሄዱ። ተመለሱ። መነጽራቸውን አደረጉ። ውጭ ሰው ትጠብቅ የነበረች ሚኒባስ ሞልታ ሄደች፣ እሳቸው ገና እዚያው ናቸው።

«ይቺ ግልባጭ አይደለችም» አሉ።

እንዴት አወቁ አልኳቸው። ዞር ሳይሉ አስረዱኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዋናና ግልባጭ ሲለዩ ኖረዋል። ግልባጭ የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው ሌላው አስቦ የጨረሰውን ስለሆነ እጁ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው። የራሱን ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ግን አንድ ቦታ ላይ እጁ ይከብዳል። የሚያመው ነገር ጋ ሲደርስ ያቆማል፣ ይመለሳል፣ ይደግማል። በጣታቸው ሳይነኩ ቡናማዋን አሳዩኝ። እዚህ ጋ ቀለሙ ሦስት ጊዜ ተደራርቧል። መስመሮቹም ፕላስተር አልተለጠፈባቸውም፣ በእጅ ነው የወረዱት። ከዚያ ወደ ሙና ዞሩ።

«ይቺ ያንቺ ናት ልጄ።»

ሙና አለቀሰች። ያቺን ሥዕል ከሰቀለቻት ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ከሰው ሥራዎች መሐል የራሷን አንድ አስገብታ ማን ያይልኛል ብላ ስትጠብቅ ኖራለች። በዚያ ጊዜ ሱቁ የገባው ሰው ብዙ ነው። ፍሬሟን የሠራላት አባቷ ራሱ ነው፣ በየጠዋቱ አቧራዋንም የሚጠርግላት እሱ ነው። እኔም ሁለት ጊዜ አልፌባታለሁ፤ ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም።

እትዬ ዓለሚቱ የተለመደውን ጥያቄ እንዲጠይቁ ጠበቅሁ። አልጠየቁም። የጠየቀው አደም ነው። በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አደም ስለ አንድ ሥዕል ከርዝመቱና ከስፋቱ በስተቀር ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም።

«ምንድን ናት እሷ?» አለ ልጁን።

«ከጋፋት ስንመለስ ዝናብ የያዘን ቀን ናት፣ አባዬ። ካፖርትህን ያለበስከኝ ቀን።»

አደም ከጠረጴዛው ኋላ ወጣ። ወደ ሥዕሏ ቀረበ፣ አሁንም ቀረበ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ የቀረበት ቀን ነው ወይ አላት። አዎ አለችው። ግራጫውን በዓይኑ ፈተሸ፣ ቡናማውን ፈተሸ።

«ጫማው የት አለ ታዲያ?»

አልሳልኩትም አለችው። ለምን አለ። ካፖርቱ ጥቁር ነበር እኮ፣ ለምን ቡናማ አደረግሽው አለ። ቡናማ ነበር አለችው፣ ጥቁር የሆነው ሲርስ ነው። የለም ጥቁር ነው አለ። ስንት ዓመቷ እንደነበር፣ ቀድሞ የደከመው ማን እንደሆነ፣ እሱ ባዶ እግሩን እስከ የት እንደሄደ እያነሡ ተከራከሩ። እሷ እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች፣ እሱ ጥያቄ ይጨምራል። እትዬ ዓለሚቱ ጃንጥላቸው ላይ ተደግፈው ያዳምጣሉ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ክርክሩ ሲበርድ ሙና ሥዕሏን ከሚስማሩ አወረደችና በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። ለአንቱ ናት አለች። እትዬ ዓለሚቱ እጃቸውን አልዘረጉም።

«ዋና ሰነድ ከመዝገብ ቤት አይወጣም» አሉ። «የሚወጣው ግልባጩ ነው። መልሺያት ቦታዋ።»

ሙና መለሰቻት።  አደም በማግስቱ ጠዋት ጥጉ ላይ ተደግፈው ዓረፋን ይጠብቁ የነበሩትን መስታወቶች በጋሪ አስጭኖ ወደ ቤቱ ላካቸው። ዓረፋ መጣ፣ ዓረፋ ሄደ፣ ሙና አልሄደችም። ግልባጮቹ አሁንም በትራስ እየተለኩ ይሸጣሉ። በመሐላቸው የራሷ የሆኑ ሦስት አሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ለማንም አትናገርም። እትዬ ዓለሚቱ አራት ሰዓት ሲሆን መጥተው ይለያሉ። እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስተዋል፤ መሳሳታቸውንም አላመኑም።

አሁን ስለ ራሴ ልናዘዝ። እኔ ለአሥራ አራት ዓመት ጽፌያለሁ። ጋዜጣ ላይ የወጡልኝን መጣጥፎች እየቆረጥኩ በአንድ ፎልደር አስቀምጣለሁ። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው አነበብኩልህ፣ ቆንጆ ነው ይለኛል፤ ስለ ምን እንደሆነ ግን አንሥቶ የጠየቀኝ የለም። ባለፈው ሳምንት ፎልደሩን በብብቴ ይዤ ሦስት ጊዜ እትዬ ዓለሚቱ በር ደርሼ ተመለስኩ። የፈራሁት ግልባጭ ግልባጩን እያገላበጡ ጨርሰው አንዲት እንኳ የራሴ የሆነች ሳያወጡልኝ እንዳይመልሱልኝ ነው። በአራተኛው በሩን ራሳቸው ከፈቱትና እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው።

መንገድ እየቀየርኩ ስሸሻቸው የኖርኩት እኚህን ሴት ነው። እወዳቸዋለሁ፤ በጊዜ አለማወቄ ይቆጨኛል። ፎልደሩ እሳቸው ዘንድ ከገባ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። በአጥሩ በኩል ሳልፍ በመስኮቱ አያቸዋለሁ፤ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጽሑፌን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው፣ ቆመው ያነባሉ።